የኮሎራዶ ወንዝ ውልና የአያቴ የውኃ ተራ

ባለፈው ሚያዝያ ላስ ቬጋስ ከሚገኘው ቤቴ ፊት ለፊት የነበረውን ሣር አስነቅዬ በቦታው ጠጠርና ድርቅ የሚችሉ ቁጥቋጦዎች አስተከልሁ። የአካባቢያችን የውኃ ባለሥልጣን ሣራቸውን ለሚያስነቅሉ የቤት ባለቤቶች በተነቀለው ስፋት ልክ ገንዘብ ስለሚከፍል ወጪው ብዙ አልከበደኝም። ሠራተኞቹ ሣሩን ሲገፉ ቆሞ ያይ የነበረው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ውኃ ካነሰ ለምን ሣሩ ላይ ብቻ ይጨክናሉ? እኛ በየቀኑ ገላችንን ስንታጠብ ለምን ማንም አይናገረንም? የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ጎዶሎ ስለ ነበረ፣ አሁን በሰፊው ልመልስለት ብዬ ይህን ጻፍሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንጠጣው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ወንዙን ከሚጋሩት ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች መካከል ላስ ቬጋስ የምትገኝባት የኔቫዳ ድርሻ እጅግ ትንሹ ሲሆን፣ በዓመት 300,000 ኤከር ፉት ነው። አንድ ኤከር ፉት 1,233 ሜትር ኪዩብ ውኃ ስለ ሆነ፣ ድርሻችን ወደ 370 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይጠጋል ማለት ነው። ነገር ግን የሂሳቡ አያያዝ የሚቆጥረው የሁቨር ግድብ በወንዙ ላይ ካጠራቀመው ከሚድ ሐይቅ ቀድተን ያስቀረነውን ብቻ ነው። በመታጠቢያ ቤትና በወጥ ቤት የተጠቀምንበት ውኃ በፍሳሽ መስመር ተሰብስቦ ይጣራል፣ ላስ ቬጋስ ዋሽ በተባለው ወራጅ በኩል ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ የተመለሰውንም ያህል እንደገና መቅዳት ይፈቀድልናል። ሣር ላይ የፈሰሰው ውኃ ግን በበረሃው ፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፤ አይመለስም። የኔቫዳ ምክር ቤት በ2021 ባወጣው ሕግ ለጌጥ ብቻ የተተከለ፣ ሰው የማይረግጠው የመንገድ ዳርና የቢሮ ደጃፍ ሣር ከ2026 መጨረሻ በኋላ በኮሎራዶ ውኃ እንዳይጠጣ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔ ሣር የመኖሪያ ቤት ሣር በመሆኑ ሕጉ አያስገድደኝም ነበር፤ ያስነቀልሁት አምኜበት ነው።

ይህን ሁሉ ስከታተል ሁልጊዜ የሚመጡብኝ አያቴ ናቸው። ያደግሁት በሰሜን ሸዋ ቆላማ ቀበሌ ሲሆን፣ የእናቴ አባት ለብዙ ዓመታት የውኃ አባት ነበሩ። የውኃ አባት ማለት ከአንድ ወንዝ ጠልፈው በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ተሰብስበው የሚመርጡት፣ ተራ የሚያስከብር፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ የሰበረውንም የሚያስቀጣ ሰው ነው። ከጥር ጀምሮ ወንዙ ሲሳሳ አያቴ ለማንም ገበሬ ይህን ያህል ውኃ ይድረስህ ብለው አያውቁም ነበር፤ የሚያካፍሉት ጊዜን ነበር። አንዱ ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ሌላው ከረፋድ ጀምሮ ጥላ በእግር ተለክቶ እስከ ተወሰነው ድረስ፣ ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ያጠጣል። በተራው ጊዜ ቦዩ ሞልቶ ከመጣ ሞልቶ ያጠጣል፤ ቀጥኖ ከመጣም በቀጠነው ያብቃቃል። ወንዙ በግማሽ ሲቀንስ የሁሉም ሰው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ስብሰባም ሆነ አዲስ ዳኛ አያስፈልግም ነበር። ሥርዓቱ እንከን የለሽ ነበር አልልም። ከቦዩ መጨረሻ ያሉት ደረቁ ቦይ እስኪረጥብ ሲጠብቁ ተራቸው የሚያልቅባቸው ጊዜ ነበር፤ የሌሊቱ ተራም አቅም በሌላቸው ላይ ይበዛ ነበር። ቢሆንም ድርቁ ራሱ በተራው ውስጥ ተካፍሎ ይገባ ነበር፤ ኮሎራዶ ላይ የጎደለው ይህ ነው።

የኮሎራዶ ወንዝ ከሮኪ ተራሮች በረዶ ተነሥቶ ወደ 2,330 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ሜክሲኮ ገብቶ ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚያመራ ነው። በምዕራብ አሜሪካ የውኃ ሕግ መሠረቱ አንድ ነው፤ ቀድሞ ውኃውን ጠልፎ ሥራ ላይ ያዋለ ሰው ከኋላው ከመጣው ይቀድማል፣ ውኃ ባነሰም ጊዜ ኋለኛው ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥበት ቀዳሚው አይነካበትም። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካሊፎርኒያ ፈጥና እያደገች ነበር፤ የኢምፔሪያል ሸለቆ ገበሬዎች በበረሃው ላይ ቦይ ስበው ሰፊ እርሻ ዘርግተዋል። የላይኞቹ ተራራማ ግዛቶች፣ ማለትም ኮሎራዶ፣ ዋዮሚንግ፣ ዩታና ኒው ሜክሲኮ ደግሞ ገና አልለሙም። ሥጋታቸው ተራሮቻቸው የሚያፈልቁትን ውኃ ካሊፎርኒያ ቀድማ ይዛ እነሱ ለልጆቻቸው ምንም ሳይተርፋቸው እንዳይቀር ነበር። በሰኔ 1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በላራሚ ወንዝ ላይ ዋዮሚንግና ኮሎራዶ ሲሟገቱበት በቆየው ክርክር፣ የቀዳሚነት ሕግ የግዛት ድንበር ተሻግሮም እንደሚሠራ ሲወስን ይህ ሥጋት እውነት ሆነ።

በዚያ ክርክር ለኮሎራዶ ግዛት የቆመው ጠበቃ ዴልፍ ካርፔንተር ከፍርድ ቤት ይልቅ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግዛቶች በኮንግረስ ፈቃድ እርስ በርስ መዋዋል እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህ አንቀጽ ይበልጡን ያገለግል የነበረው ለድንበር ጉዳይ ነበር። ካርፔንተር ሉዓላዊ አገሮች ወንዝን በውል እንደሚካፈሉ ግዛቶችም እንዲሁ ያድርጉ አለ። ካሊፎርኒያ ከራሷ ችግር የተነሣ ለመደራደር ፈቃደኛ ነበረች። በ1905 ወንዙ የኢምፔሪያልን ቦይ ሰብሮ ወጥቶ ሁለት ዓመት ያህል ወደ ሳልተን ዝቅተኛ ስፍራ ሲፈስ ኖሯል፤ ጎርፉን የሚገታ ትልቅ ግድብ ለማሠራት የፌዴራል ገንዘብ ያስፈልጋት ነበር፤ ለገንዘቡም በኮንግረስ ውስጥ የላይኞቹ ግዛቶች ድምፅ ያሻት ነበር። በወቅቱ የንግድ ሚኒስትር የነበረውና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር የፌዴራል መንግሥት ተወካይና ሰብሳቢ ሆኖ ተሠየመ። ዓመቱን ሙሉ ሲጓተት የቆየው ድርድር በኒው ሜክሲኮ፣ ከሳንታ ፌ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ማረፊያ ውስጥ ተጠናቆ ውሉ ኅዳር 24 ቀን 1922 ተፈረመ።

ለእያንዳንዱ ግዛት ድርሻ ማውጣት ስላልተቻለ ወንዙን ለሁለት ከፈሉት። አሪዞና ውስጥ ሊ ፌሪ የተባለ ስፍራ መለያ ሆነ፤ ከእርሱ በላይ ያለው የላይኛው ተፋሰስ፣ ከእርሱ በታች ያለው፣ ማለትም የካሊፎርኒያ፣ የአሪዞናና የኔቫዳ ወገን፣ የታችኛው ተፋሰስ ተባለ። ለእያንዳንዱም በዓመት 7.5 ሚሊዮን ኤከር ፉት፣ ማለትም ወደ 9.25 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ተመደበ። የላይኞቹ ግዛቶች በማናቸውም ተከታታይ አሥር ዓመታት ውስጥ በሊ ፌሪ የሚያልፈው ውኃ ከ75 ሚሊዮን ኤከር ፉት በታች እንዲወርድ እንደማያደርጉም ተጻፈ። ይህቺን ሐረግ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ሰባቱን ግዛቶች እያጣላች ያለችው እሷ ነችና።

የውሉ ዋና ስሕተት ያለው በቁጥሩ ላይ ነው። ተደራዳሪዎቹ የነበራቸው የፍሰት መዝገብ የጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ እነዚያም ዓመታት ከልማድ ውጭ ዝናብና በረዶ የበዛባቸው ነበሩ። ከዚያ ተነሥተው ወንዙ በዓመት 20 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ይሰጣል ብለው ተማመኑ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የውኃ ባለሙያ ኢ. ሲ. ላሩ ውኃው ለታሰበው ሁሉ እንደማይበቃ በዚያው ዘመን አስጠንቅቆ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። በ1976 የወጣ፣ ያለፈውን ዘመን እርጥበት ከዛፍ ግንድ የዕድገት ቀለበት የሚያነብ ጥናት የብዙ መቶ ዓመታቱን አማካይ ወደ 16.7 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አወረደው። ከ2000 ወዲህ ያለው አማካይ ደግሞ ከዚያም አንሶ ወደ 15 ቢሊዮን ግድም ሆኗል። ለሁለቱ ተፋሰሶች የተመደበው፣ በ1944 ስምምነት ለሜክሲኮ ቃል ከተገባው 1.5 ሚሊዮን ኤከር ፉት ጋር ሲደመር ግን 20 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያልፋል። የሌለ ውኃ ተከፋፍለዋል ማለት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሆኖ፣ የላይኞቹ ግዛቶች ድርሻቸውን ለረጅም ዘመን ሙሉ በሙሉ ስላልተጠቀሙበት ጉድለቱ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ሳይታይ ቆየ።

አሪዞና ከጅምሩ አልተዋጠላትም። ድርሻው ለተፋሰስ እንጂ ለግዛት ስላልተሰጠ፣ የታችኛውን ተፋሰስ ውኃ ካሊፎርኒያ ብቻዋን ትጠቀልለዋለች ብላ ፈርታ ውሉን ሳታጸድቅ ሃያ ሁለት ዓመት ቆየች። በ1928 ኮንግረስ ለዛሬው የሁቨር ግድብ ፈቃድ ሲሰጥ ለካሊፎርኒያ 4.4፣ ለአሪዞና 2.8፣ ለኔቫዳ 0.3 ሚሊዮን ኤከር ፉት የሚሆን ክፍፍል አስቀመጠ፤ ያን ጊዜ ላስ ቬጋስ የባቡር ጣቢያ የነበረባት ትንሽ ከተማ በመሆኗ ለኔቫዳ የተሰጠው ለማንም የሚያስቆጭ አልመሰለም። አሪዞና ግን አላመነችም፤ በ1934 አገረ ገዥዋ ቤንጃሚን ሙር የፓርከር ግድብን ሥራ ለማስቆም የግዛቱን ብሔራዊ ዘብ ወታደሮች እስከ ወንዙ ዳር ድረስ አዘመተ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ አሪዞና ብትረታም፣ ኮንግረስ ወዲያው ለግድቡ ሕጋዊ ፈቃድ ስለ ሰጠ ሥራው ቀጠለ። ክፍፍሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው በ1963 ነው። አሪዞና ውኃውን እስከ ፊኒክስና ቱሳን የሚወስደውን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ ለማሠራት በ1968 ፈቃድ ስታገኝ ደግሞ ከባድ ዋጋ ከፈለች፤ ውኃ ባነሰ ጊዜ የዚህ ቦይ ውኃ ከካሊፎርኒያ ድርሻ በፊት እንዲቆረጥ ተስማማች። የካሊፎርኒያ ተወካዮች በኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሰጧት በዚህ ዋጋ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን በድርድሩ ላይ ያልተጠሩት ናቸው። ከማናቸውም ግዛት በፊት በወንዙ ዳር የኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ዛሬ በፌዴራል መንግሥት ዕውቅና ያላቸው 30 ነገዶች፣ በ1922ቱ ውል ውስጥ የተወሱት መንግሥት ለእነርሱ ያለበትን ግዴታ ይህ ውል አይነካም በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከውሉ አሥራ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1908፣ ለነባር ሕዝቦች መሬት ሲከለል ለመሬቱ የሚያስፈልገው ውኃም አብሮ እንደ ተከለለ ወስኖ ነበር። ስለዚህ የብዙዎቹ ነገዶች መብት በዕድሜ ከግዛቶቹ የሚቀድም ሆኖ ሳለ ውኃው ግን ወደ ቤታቸው አልደረሰም፤ በናቫሆ ሕዝብ ምድር ዛሬም የቧንቧ ውኃ የሌላቸውና በበርሜል የሚያመላልሱ ቤተሰቦች አሉ። ናቫሆዎች የፌዴራል መንግሥት ውኃቸውን ለማስገኘት እርምጃ እንዲወስድ ያቀረቡት አቤቱታ በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስት ለአራት ድምፅ ውድቅ ተደረገ። ከሩቅ አገር የመጣሁት እኔ ከቧንቧው የፈለግሁትን ያህል ስቀዳ፣ የወንዙ ባለቤቶች ውኃ በመኪና ሲጭኑ ማሰብ ይከብደኛል።

ሜክሲኮም እንዲሁ በ1922 አልተጠየቀችም። የወንዙ መድረሻ የነበረው ሰፊ ረግረግ ከግድቦቹ በኋላ ደርቆ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ መቅረት ለመደ። በ2014 ሁለቱ አገሮች ተስማምተው በድንበሩ ላይ ካለው ከሞሬሎስ ግድብ ለስምንት ሳምንታት ውኃ በለቀቁ ጊዜ፣ ሳን ሉዊስ ሪዮ ኮሎራዶ በተባለችው የድንበር ከተማ ሕዝቡ ወደ ደረቁ አሸዋ ወጥቶ ውኃውን ተቀበለ። ከተማቸው በወንዙ ስም የምትጠራ ልጆች ወንዛቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ዕለት ነው። በግንቦት ወርም ውኃው ባሕሩን ነካ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናነብ ዓባይ ትዝ ሳይለን አይቀርም። ግብፅና ሱዳን በ1959 አስዋን ላይ የሚለካውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለራሳቸው 55.5 እና 18.5 አድርገው፣ ቀሪውን ለትነት ትተው ሲዋዋሉ የውኃው ምንጭ የሆነችው አገራችን አልተጠራችም። በዚያም እንደ ኮሎራዶ በቋሚ ቁጥር ነው የተከፈለው። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ግን ቁጥር አላስቀመጠም፤ መርሁ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚል ነው። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን ኮሎራዶን ለዓመታት ካየሁ በኋላ፣ የተሳሳተ ቁጥር በውል ከመታሰር ይልቅ በየጊዜው የሚለካና የሚያነጋግር መርህ ይሻላል ባይ ነኝ።

በዚያው በኮሎራዶ ተፋሰስ ውስጥ የተሻለ የተዋዋሉም አሉ። የላይኞቹ አራት ግዛቶች በ1948 እርስ በርሳቸው ሲካፈሉ፣ ለአሪዞና ጥቂት ከሰጡ በኋላ የቀረውን በመቶኛ ነው ያስቀመጡት፤ ለኮሎራዶ 51.75፣ ለዩታ 23፣ ለዋዮሚንግ 14፣ ለኒው ሜክሲኮ 11.25 በመቶ። ለታችኞቹ ከለቀቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚተርፍ ስላላወቁ በመቶኛ መካፈልን መረጡ። ከአያቴ ተራ ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው፤ አራቱ ግዛቶች ዛሬም በዚህ ስሌት ላይ አይካሰሱም።

የታችኛው ተፋሰስ ግን በቁጥሩ እንደ ታሰረ ድርቁ ደረሰበት። የሚድ ሐይቅ ከላይ ከሚገባለት የበለጠ ሲለቅ ኖሯል፤ ምክንያቱም በታችኛው ተፋሰስ በትነትና በስርገት የሚጠፋው፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ኤከር ፉት የሚበልጥ ውኃ፣ በማንም ግዛት ሂሳብ ላይ አይጻፍም ነበር። በሐምሌ 2022 ሐይቁ ከ1937 ወዲህ ወዳልታየ ዝቅታ ወረደ። በዚያ ሰሞን ቤተሰቤን ይዤ ወርጄ ነበር፤ በዓለቱ ላይ ውኃው የተወው ነጭ መስመር ከራሳችን በላይ ብዙ ፎቅ ያህል ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። በ1971 ሥራ የጀመረው የከተማችን የመጀመሪያ የውኃ መሳቢያም ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከውኃው በላይ ቀርቶ ነበር። ያልተጠማነው ባለሥልጣኑ በ2015 ከሐይቁ ሥር ሦስተኛ መሳቢያ ቆፍሮ ስለ ጨረሰ ነው። የውኃ እጥረት በይፋ ታውጆ በ2022 የመጀመሪያው ቅነሳ ሲደረግ ከአሪዞና 512,000፣ ከኔቫዳ 21,000፣ ከሜክሲኮ 80,000 ኤከር ፉት ተቆረጠ፤ ከካሊፎርኒያ ምንም አልተነካም። የ1968ቱ ዋጋ የተከፈለው ያን ዓመት ነው፤ የከፈሉትም በማዕከላዊ አሪዞና የሚገኙ፣ እርሻቸውን ጦም ያሳደሩ ገበሬዎች ናቸው።

አሁን ወደዚያች ሐረግ እንመለስ። የላይኞቹ ግዛቶች በሊ ፌሪ ያለው ፍሰት ከ75 ሚሊዮን በታች እንዲወርድ አናደርግም ብለዋል። የታችኞቹ ይህን የማድረስ ግዴታ ነው ይላሉ፤ ምንም ቢሆን ውኃው ሊደርሰን ይገባል ነው ክርክራቸው። የላይኞቹ ደግሞ እኛ በመጠጣታችን እንዲወርድ አናደርግም አልን እንጂ በረዶው ካልወረደ ጥፋቱ የእኛ አይደለም ይላሉ። ከተፈቀደላቸው 7.5 ሚሊዮን ውስጥ ከ4.5 ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ እንደሚጠቀሙ፣ ከበላያቸውም ትልቅ ማጠራቀሚያ ስለሌለ ተራራው የነፈጋቸውን በዚያው ዓመት እንደሚያጡት ያስረዳሉ። ሁለቱንም ወገኖች ሳዳምጥ እውነት አላቸው። እኔ የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ ነኝ፤ ሆኖም የዋዮሚንግ ገበሬ ወንዙ ሳይሞላ ቀርቶበት ከማሳው ላይ ውኃ ቀንስና ለላስ ቬጋስ ላክ ቢባል እንዴት ብሎ ይቀበላል? ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዓመታት ይወስዳል፤ ከ1963ቱ ፍርድ በፊት የነበረው ክርክር ብቻ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በግድቦቹ አስተዳደር ላይ የሚሠሩት የ2007 መመሪያዎች በ2026 መጨረሻ ጊዜያቸው ያበቃል። በ2025 በጋ የአሪዞና ተደራዳሪ በይፋ የተናገረለት አንድ ሐሳብ ነበር፤ ከሊ ፌሪ በላይ በግድብ ከተጠራቀመው ከፓወል ሐይቅ ወደ ታች የሚለቀቀው ውኃ በቋሚ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በሊ ፌሪ በተፈጥሮ ከፈሰሰው አማካይ ላይ በመቶኛ ይወሰን የሚል። ዜናውን ባነበብሁ ጊዜ አያቴን አሰብሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰባቱ ግዛቶች ወንዙ ያመጣውን መካፈል ወደሚባለው ነገር እየተጠጉ ነበር። መቶኛው ስንት ይሁን በሚለው ላይ ግን አልተግባቡም፤ የፌዴራል መንግሥት እስከ ኅዳር 11 ቀን 2025 ተስማሙ ብሎ የሰጣቸው የጊዜ ገደብም ያለ ስምምነት አለፈ።